ሦስት ብሎን

ሊዬፓያ ወደብ፣ ነፋስ እንቅልፍ አጥቶ
ሌሊቱን ሲያንኳኳ በየደጁ መጥቶ፣
ከትራሙ ሐዲድ፣ ከጡቡ አጥር ወዲያ፣
አንድ ፋብሪካ አለ የማንቆርቆሪያ።
እኔ ሒሳብ ያዡ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣
የማምነው ሳይኖረኝ ከቁጥር አብልጬ፣
ሃያ ሁለት ዓመት።

«ብሎኑን ትተነው ሙጫ ብንጠቀም
ስንት ይተርፈናል?» አሉኝ። አራት ሳንቲም።
በሚሊዮን ሲባዛ አርባ ሺህ ዩሮ ነው፤
ቁጥር ሲያምር ጊዜ ማን ይከራከረው?
ሙጫ አሸነፈ፤ ብሎን ተሰናበተ፤
ማንም አላለቀሰ፣ ማንም አልሞተ።

ስካይድሪቴ ብቻ፣ የዕቃ ንድፍ አውጪዋ፣
(መፍቻ ከኪሷ ነው፣ እንደ መቁጠሪያዋ)
ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ይዛ ሄደች፤
ከከተማ ውጭ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚበለትበት ግቢ ወረደች።
የእጇ ሥራ ሲወለድ እንጂ
ሲሞት አይታ አታውቅም።

ዜንታ አለች እዚያ፣ ስልሳ ዓመት የነካች፣
መዳብ ከፕላስቲክ ስትለይ የባጀች፤
ክፍያዋ በኪሎ ነው።
የኛን ማንቆርቆሪያ ከክምሩ አነሣች፤
«ሠሪውን ባገኘው» አለች፣ «ልረግመው አይደለም፤
አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው በሞቴ፤
ሲያጣብቀው ጊዜ፣ የሚከፍተው እጅ ውል አላለውም ወይ?»
ዝም። የባሕር ወፍ ብቻ ጮኸ ከሰማይ።
ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

ስካይድሪቴ የዚያን መዳፍ ጠባሳ ስትነግረኝ
ለኔ የታየኝ እጅ አይደለም፣ የራሴ መዝገብ ነው፤
በየገጹ ወጪ፣ ወጪ፣ ወጪ፤ ገቢው የሌላ ሰው።
አራቷ ሳንቲም ለካ አልተረፈችም፤
ከፋይዋ ተለወጠ እንጂ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ የተበላሸውን ከፊታችን አስቀመጠች፤
አለቃችንን አይቫርስን «ክፈተው» አለች።
ሳቀ። ታገለ። ላበው። ቢላ አስመጣ፤
ፕላስቲኩ ጮኸ፣ ተሰነጠቀ፤ ካውራ ጣቱ ደም ወጣ፤
ከወረቀቴ ላይ፣ «ትርፍ» ከሚለው ዓምድ ጠብ አለ።
«ለመሆኑ ምኑ ነው የተበላሸው?» ጠየቀ፣ ጣቱን እየጠባ።
«የሠላሳ ሳንቲም ፊውዝ።»

ድል አትበሉት፤ ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቁ።
እሷ ያላለችው የለም፤
ፕላስቲኩ ቀለም አይቀባ፣ ዘሩ አንድ ይሁን፣ ነገ መልሶ እንዲቀልጥ፤
መለዋወጫው ዐሥር ዓመት ከመጋዘን አይጥፋ፤
ከውስጥ በኩል ላንድ ኩባያ የሚሆን መስመር ይኑረው፣ በጣት የሚዳሰስ፤
ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ ዓይኑ የደከመ፣
ለአንድ ሻይ ብሎ ሊትር ሙሉ ውኃ ለምን ያፍላ?
መስመሩን ሰጧት። መለዋወጫውን አምስት ዓመት አሉ።
ቀለሙን ግን እምቢ፤ ገበያው ቀይ ይወዳል አሉ።
ብሎንም ተፈቀደ፣ ሦስት።
የታችኛው ክፍል ዛሬም ሙጫ ነው፤
ዜንታ ዛሬም ጓንት ታጠልቃለች።

ባለፈው የካቲት፣ የባሕሩ ዳር በበረዶ ሲታሰር፣
የኔም ማንቆርቆሪያ ዝም አለ፤ አራት ዓመቱ ነበር።
መፍቻ ፈለግሁ፤ በቤቴ የለም፤
ምን ሲደረግ! ከእስክሪብቶ በቀር መሣሪያ ይዤ አላውቅም።
ከኪሴ አንዲት ሳንቲም አወጣሁ፤
ጠርዟን ከብሎኑ ቦይ አሳረፍሁ፤
ዞረ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ክዳኑ እንደ በር ተከፈተ።
ፊውዟ ከገብስ ፍሬ አትበልጥም፤ ቀየርኳት፤ ውኃው ማፏጨት ጀመረ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳንቲም ስቆጥር
ይሄን ሥራ ታውቃለች ብዬ
አልጠረጠርሁም።